የክረምት የስታቲስቲካል ጄኔቲክስ ሥልጠና፦ ውጭ ሄዶ መማር ወይስ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ማዘጋጀት?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ እንጀራዬም የጤና ምርምር ዳታ መተንተን ነው። ከገና ወዲህ ባሉት ወራት ባልደረቦቼ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ ውጭ አገር በክረምት ለሚሰጠው የስታቲስቲካል ጄኔቲክስ (የዘር ውርስን በቁጥር የሚመረምር ሙያ) አጭር ኮርስ ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ? የምዝገባው ክፍያ፣ ቪዛውና የአውሮፕላን ቲኬቱ ሲደመር ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚቀመስ አይደለም። ስፖንሰር የሚያገኘው ጥቂት ነው። ያገኘውም ቢሆን ተመልሶ የተማረውን የሚሠራበት ዳታ አጥቶ፣ በሁለተኛው ዓመት ሁሉንም ሲረሳው አይቻለሁ። ይሄ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በመክፈቻው ላይ አቋሜን ሳልሸፋፍን አስቀመጥኩ። ኮርሶቹ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የራሱ የምርምር ጥያቄ፣ የሚተነትነው ዳታና የሪግሬሽን (ነገሮች እንዴት አብረው እንደሚለዋወጡ የሚለካ ስሌት) መሠረት የሌለው ሰው ሄዶ የሚመለሰው በሰርቲፊኬት ብቻ ነው። መሠረቱን ደግሞ እዚሁ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በሚዘጉበት በሐምሌና በነሐሴ ማስተማር እንችላለን፤ የሚያስተምር ሰው በቂሊንጦም በገላንም በዘነበወርቅም አለ። የሚያግዝ ካለ ይምጣ፣ አይሆንም የሚል ካለም ምክንያቱን ይንገረን ብዬ ለቀቅኩት።

መልሱ ከአርባ አለፈ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው ፍሬ ነገሩን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1 የመጣው ቂሊንጦ አካባቢ ከሚያስተምሩ አንዲት መምህርት ነው። አመስግነውኝ ሲያበቁ ዘርፉን ለማያውቀው አንባቢ አስረዱ። በሰው ወይም በሰብል ጂኖም (መላው የዘር መረጃ) ውስጥ ካሉት ሚሊዮን ልዩነቶች የትኞቹ ከበሽታ ወይም ከምርት ጋር አብረው እንደሚሄዱ በቁጥር የሚፈትሽ ሙያ ነው አሉ። አዲስ ፋሽን እንዳይመስላችሁ ብለውም የሃርዲና የዋይንበርግ ሕግ (የዘረመል ቅጂዎች በአንድ ሕዝብ ውስጥ በምን ድርሻ ተጣምረው እንደሚገኙ የሚተነብየው) በ1908 እ.ኤ.አ.፣ ሮናልድ ፊሸር የሜንዴልን የውርስ ሕግ እንደ ቁመት ካሉ ባሕርያት ጋር ያስታረቁበት ጽሑፍ ደግሞ በ1918 እ.ኤ.አ. መውጣቱን አስታወሱ። የእሳቸው ሐሳብ ማንም ሰው ሶፍትዌር ከመንካቱ በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች በወረቀትና በእስክሪብቶ መሥራት አለበት የሚል ነው። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

በመልስ 2 አንድ ልጅ ሰርቲፊኬት ይሰጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 3 ላይ አንዱ ክፉኛ ገሠጸው፤ የዚህ አገር ሰው ከወረቀት ሌላ ምንም አያሳስበውም እስከማለት ደርሶ። ግሣጼው ከመጠን ያለፈ ነበር። ለደረጃ ዕድገት የሥልጠና ወረቀት በሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን መጠየቁ ነውር የለውም።

መልስ 4 ረጅምና ጠቃሚ ነው። ጸሐፊው ከዓመታት በፊት በአሜሪካዋ ሲያትል ይሰጥ የነበረውን የክረምት የስታቲስቲካል ጄኔቲክስ ሥልጠና ተካፍሏል። ኮርሱን በ1996 እ.ኤ.አ. በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ዊር እንደጀመሩትና በኋላ ወደ ሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንደተዛወረ ገለጸ። ትምህርቱ በሞጁል የተከፋፈለ ነበር፤ እያንዳንዱ ሞጁል ሁለት ቀን ተኩል ይፈጅ ነበር፤ ተማሪው ከዝርዝሩ የሚፈልገውን ይመርጣል። እሱ በመጀመሪያው ሞጁል አንድም ነገር አልያዘም፤ አስተማሪው የማትሪክስ ስሌት ሁሉም ያውቃል ብሎ ነው የተነሳው። በሁለተኛው ግን ተጠቀመ፤ ምክንያቱም የራሱን የመመረቂያ ጥያቄ ይዞ ስለሄደ በየዕረፍቱ አስተማሪዎቹን ይዞ ይጠይቅ ነበር። ምክሩ አጭር ነው፤ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የሞጁሉን ርዕስ ሳይሆን የሚጠይቀውን ቅድመ ዕውቀት አንብብ ይላል። ጨምሮም የኮሎራዶውን የቦልደር ወርክሾፕ የዚሁ ዓይነት ነው ብሎ ጠቀሰ። መልስ 5 በትሕትና አረመው፤ ያኛው በ1987 እ.ኤ.አ. በቤልጅየሟ ሉቨን የተጀመረ፣ ሥሩም የመንታዎች ጥናት የሆነ ሥልጠና ነውና ለተክል ማዳቀል ወይም ለወረርሽኝ ጥናት የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ጠብቆ እንዳይደነግጥ አለ። መልስ 4 አመስግኖ ተቀበለ። በዚህ ክር እንዲህ ያለ መተራረም ያየነው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ሰበታ ላይ ፋርማሲ ያላት እህት በመልስ 6 ክሩን ወደ መሬት አወረደችው። ይህ ሁሉ ለታካሚ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እንደ ምሳሌ አቀረበች። ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው የጉበት ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህን ዘረመል የተባዛ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ሰው የተለመደውን መጠን ሲወስድ ሞርፊኑ በፍጥነት ይከማችበታል፤ በተለይ ለሕፃንና ለምታጠባ እናት አደገኛ ነው። እኔ በዚህ ክር ውስጥ ለማንም ሰው ቶሎ የሚገባ ምሳሌ ብባል የማነሳው ይሄን ነው። መልስ 7 አንድ ነገር አከለ፤ የቅጂ መባዛት በተለመደው የጂኖታይፕ ቺፕ (አስቀድመው የታወቁ የጂኖም ልዩነቶችን የሚያነብ መሣሪያ) ላይ በቀላሉ አይነበብም፣ የተለየ ምርመራ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ አጭር ኮርስ ሁሉንም ያስተምራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይጠንቀቅ ማለቱ ነው።

መልስ 8 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ነገሩ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው ባይ ነው። እንግሊዞች ዩኬ ባዮባንክ በተባለው የጤናና የዘረመል መረጃ ማኅደራቸው 500,000 ሰው መዝግበዋል፤ እኛ ጥቂት መቶ ሰው ይዘን ምን ልናገኝ ነው? ክረምቱን እንግሊዝኛ ብትማሩበት ይሻላል አለ። ብዙዎቹ ተናደዱበት። እኔ ግን ጥያቄው መነሳት ያለበት ስለሆነ ክሩ ውስጥ እንዲቆይ ጠየቅሁ፤ እንደዚያ ባይሆን መልስ 9ን አናገኝም ነበር።

መልስ 9 የወላይታን ገጠር በእግሩ ያካለለ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነው። የጻፈውን ሦስት ጊዜ ያህል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ፖዶኮኒዮሲስ፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው። በአንድ ቀበሌ በአንድ አፈር ላይ ያደጉ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ በሽታው ደግሞ በቤተሰብ ይታያል። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አወዳድረው ኤችኤልኤ በሚባለው የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች አካባቢ ግልጽ ምልክት አገኙ፤ ጥናቱም በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። የጸሐፊው መከራከሪያ ይህ ነው፤ የአንድ ልዩነት ጉልበት ትልቅ ከሆነ፣ ሕሙማኑም በጥንቃቄ ከተለዩ፣ መቶዎችም ይበቃሉ። ትንንሽ ጉልበት ያላቸውን ሺህ ልዩነቶች ለማደን ግን አዎ፣ መቶ ሺዎች ያስፈልጋሉ።

ቀጥሎም ለሥልጠናው ከሁሉ የሚጠቅመውን ጻፈ። ሕሙማኑን ከአንድ አካባቢ፣ ጤነኞቹን ከሌላ አካባቢ ብንሰበስብ የምናገኘው ልዩነት የበሽታው ሳይሆን የሕዝቦቹ የዘር ታሪክ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመጠበቅ ተመራማሪዎቹ ውጤታቸውን በ202 ቤተሰቦች ላይ ፈተሹት፤ አባት፣ እናትና የታመመ ልጅ። ወላጅ ከሁለቱ ቅጂዎቹ አንዱን ለልጁ የሚያስተላልፈው እኩል ዕድል ባለው ዕጣ ነው። አንደኛው ቅጂ ለታመሙት ልጆች ከግማሽ በላይ ተደጋግሞ ከተላለፈ የአካባቢ ልዩነት ሊያመካኝበት አይችልም፤ ማወዳደሪያው እዚያው ቤት ውስጥ ነውና። ብዙ ብሔረሰብ በአንድ ከተማ ለሚኖርበት አገር ከዚህ የበለጠ የመጀመሪያ ትምህርት አላውቅም። ውጭ አገር ቢሆን ይህ በስላይድ አንድ ገጽ ተሰጥቶት ይታለፋል።

መልስ 10 ላይ የመልስ 8 ከሳሽ ተመለሰ። አሁን ትንሽ ለስልሷል፤ ግን አንድ ውጤት የአጋጣሚ አይደለም ለመባል ማለፍ ያለበት የ0.00000005 ወለል ምን ይሁን አለ። መምህርቷ በመልስ 11 መለሱለት። የተለመደው 0.05 ለአንድ ፈተና ነው፤ እርስ በርስ ነፃ (አንዱ በሌላው የማይወሰን) ሆነው የሚቆጠሩ አንድ ሚሊዮን ያህል ፈተናዎች ሲደረጉ ለሚሊዮን ይካፈላል፤ ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው። ስሌቱ የተሠራው ግን በዋናነት በአውሮፓውያን ዳታ ላይ ነው። የአፍሪካ ሕዝቦች የዘር ታሪካቸው ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም በመሆኑ፣ ደጋግሞ እንደተበወዘ ካርታ፣ ጎን ለጎን ያሉ ልዩነቶች አብረው የመወረሳቸው ነገር ላልቷል። ነፃ የሆኑት ፈተናዎች ስለሚበዙም ወለሉ ከዚያ የባሰ ጥብቅ ይሆናል። የሚገኘውም ጥቅም አለ፤ ምልክቱ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ስለሚሆን እውነተኛውን መንስኤ መለየት ይቀላል። ከሳሹ ይህን ካነበበ በኋላ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርቱ ዳግመኛ አላነሳም።

መልስ 12 ከዚሁ ከፖዶኮኒዮሲስ ጋር የተያያዘ ስሕተት ይዞ መጣ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የበሽታውን ተወራሽነት 63 ከመቶ ነው ማለቱን አንብቦ፣ እንግዲያው ጫማ ማደል ለምን ያስፈልጋል ብሎ ደመደመ። የወላይታው ባለሙያ በመልስ 13 ቆጣ ብሎ መለሰለት፤ ቁጣውንም እኔ አልፈርድበትም። ተወራሽነት በዚያ ሕዝብ ውስጥ፣ በዚያ ሁኔታ፣ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህሉ በዘር እንደሚገለጽ ይናገራል እንጂ የአንድን ሰው ሕመም በመቶኛ አይከፋፍልም። አፈሩ እግር ካልነካ በሽታው የለም። ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ ዘረመሉ እንዳለ ሆኖ በሽታው ይጠፋል። መንደር እየዞረ ስለ ጫማ የሚያስተምር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ምን ይሰማዋል ሲል ጠየቀ። መልስ 12 ይቅርታ ጠየቀ።

ከ14 እስከ 16 ያለው ስለ ማመሳከሪያ ዳታ ነው። ቺፑ ያላነበባቸውን ልዩነቶች በግምት ለመሙላት የሌሎች ሰዎች ሙሉ ጂኖም ያስፈልጋል። አንደኛዋ እንዳስታወሰችው በ1000 ጂኖምስ ፕሮጀክት ውስጥ ካሉት 2,504 ሰዎችና 26 ሕዝቦች መካከል የኢትዮጵያ ሕዝብ የለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ የተካተቱት የኬንያ ሉህያዎች ናቸው። ሌላው በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፍሪካ የጂኖም ልዩነት ፕሮጀክት የአማራ፣ የኦሮሞና የሶማሌ ናሙናዎች እንዳሉት ጠቆመ። ሦስተኛው ቁጥር ጨመረ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተሠራ ቆጠራ መላውን ጂኖም እየፈተሹ ከበሽታ ጋር በሚያያይዙ ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 81 ከመቶው የአውሮፓ ዝርያ ሲሆኑ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 3 ከመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ስናይ አንዳንዶቻችን እናማርራለን፤ እኔ ግን የምመለከተው ሥራው ገና ያልተሠራ መሆኑን ነው።

ከዚያ ክሩ ጎዳናውን ሳተ። መልስ 17 በሐምሌ ዝናብ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ማን ይመጣል አለ። 18 ከጀሞ ሦስት ታክሲ እንደሚይዝ ነገረን። 19 የመብራቱን ነገር አነሳ፤ 20 የኮዬ ፈጬን ዋይፋይ አማረረ። መብራትን በተመለከተ ያለው ስጋት እውነት ነው። ኮርሱ በኢንተርኔት ላይ ከተንጠለጠለ በክረምት ይፈርሳል፤ ስለዚህ ዳታውም ሶፍትዌሩም አስቀድሞ በየላፕቶፑ መጫን አለበት። ዳታውን የምንተነትንበት ፒሊንክ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ካለ ኢንተርኔት በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። የ1000 ጂኖምስ ዳታም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከትንንሾቹ አንዱ የሆነውን ክሮሞሶም 22ን ብቻ ወስዶ መለማመድ ይቻላል።

መልስ 21 ከሆለታ የመጣ ነው፤ የወተት ከብት ማዳቀል ላይ የሚሠራ። እስካሁን ያወራችሁት ስለ ሕሙማን ብቻ ነው ብሎ ወቀሰን። ሜውቪሰን፣ ሄይስና ጎዳርድ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ዘዴ በመላው ጂኖም የተበተኑ ልዩነቶችን አንድ ላይ ደምሮ የአንድን ጥጃ የመራቢያ ዋጋ (ለልጆቿ የምታወርሰውን ምርታማነት) ገና ወተት ሳትሰጥ ይገምታል፤ የዓለምን የወተት ከብት እርባታ የለወጠውም እሱ ነው። በእኛ አገር ቦረናና ፍሪዥያን ሲዳቀሉ የትኛዋ ጊደር እንደምትቀር ገበሬው ዛሬም በዓይኑ ነው የሚመርጠው። ወቀሳው ትክክል ነው፤ የሥልጠናውን ዕቅድ አስለውጦኛል። ከቢሾፍቱ የጻፈችው 22 ስለ ጤፍ ጨመረች፤ የቁንጮ ዝርያ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ዲዜድ-01-974ን ከዲዜድ-01-196 ጋር በማዳቀል ተገኝቶ በ2006 እ.ኤ.አ. መለቀቁን፣ አንደኛው ወላጅ በምርቱ ሌላው በእህሉ ንጣት መመረጡን። ከእሷ በኋላ ያሉት መልሶች ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ወፍጮ ቤትና ስለ ቅይጥ ዱቄት ሆነው ቀሩ። መልስ 26 ላይ ገብቼ ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ለመንኩ።

በመልስ 27 አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ የሠራችበትን ነገር አጫወተችን። ዳታው ከመተንተኑ በፊት በተለመደው ማጣሪያ ላይ በመዝገቡ ወንድ የተባሉ ጥቂት ናሙናዎች በኤክስ ክሮሞሶማቸው ሴት ሆነው ተገኙ። ተከታትለው ሲያዩት አንድ የናሙና ሳጥን ተገልብጦ ተነብቧል። ስለዚህ ኮርሱ የሚጀምረው ከማጣሪያው ይሁን አለች፤ የጾታ ማመሳከር፣ የጎደለ ዳታ፣ ከሃርዲ-ዋይንበርግ የራቁ ልዩነቶች፣ ያልተመዘገበ ዝምድና። በውጤቱ ማማር ተስቦ የሚገባ ተማሪ ይሄን ክፍል ያንቀላፋበታል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከሥልጠናው ግማሹን ጊዜ ይገባዋል።

ከ28 እስከ 35 ያለው የክሩ ክፉ ክፍል ነው። አንድ ወጣት ውጭ ለሚሄድበት ኮርስ የሚሠራበትን ፕሮጀክት የጂኖታይፕ ዳታ በላፕቶፑ ይዞ ሊሄድ እንዳሰበ ጻፈ፤ የራስህን ዳታ ያዝ ያልኩትን ይዞ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል የሆኑ አንድ ጋሼ ወዲያው አስቆሙት። ናሙናውን የሰጡት ሰዎች የፈረሙት ለየትኛው ጥናት ነው? ዳታው ከአገር ይውጣ ብለው ፈቅደዋል? ወጣቱ ስም ስለሌለበት ችግር የለውም ብሎ መለሰ። እሳቸውም የሰው ጂኖም ራሱ መታወቂያ ነው፣ የዘመድን ዳታ የያዘ ሰው ባለቤቱን ሊደርስበት ይችላል አሉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ጠቀሱ። የሆለታው ሰው ጣልቃ ገብቶ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 መኖሩን አስታወሰ፤ ዘሩም የማኅበረሰቡ ዕውቀትም እንደፈለጉ አይወጣም።

ወጣቱ ተቆጣ። የውጭ ተመራማሪዎች በእኛ ናሙና ስማቸውን ሲጽፉ ዝም ብላችሁ እኔን ልጃችሁን ትከለክላላችሁ አለ። መልስ 33 ላይ ሌላው ተነስቶ ሌባ ሊለው ምንም አልቀረውም፤ ጋሼም ያን ሰው እንዲታረም ነገሩት። እኔ በወጣቱ ንዴት ውስጥ እውነት አያለሁ። ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ ረጅምና ግልጽነት የጎደለው ሆኖ ሳለ ሰው አቋራጭ ቢፈልግ አይደንቅም። የታካሚዎቹ አደራ ግን በእሱ ንዴት አይሰረዝም። ልዩነቶችን በግምት ለመሙላት በነፃ የሚያገለግለው የሚሺጋን ሰርቨር እንኳ ዳታው አሜሪካ እንዲጫን ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ ጠቅ ያደረገ ሰው ዳታውን አሻግሯል። ለእኔ እዚሁ ማስተማራችን የሚጸናበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። ልምምዱን በክፍት ዳታ እንሠራለን፤ የራሱ ዳታ ያለው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሳያወጣው እዚያው ይተነትናል፤ ወደ ክፍሉ ይዞት የሚመጣው ኮዱንና ጥያቄውን ነው። የራስህን ዳታ ያዝ ስል ለከፈትኩት ክር ይህን ማብራሪያ በመልስ 35 ጨምሬያለሁ።

መልስ 36 ሌላ አካሄድ አመጣ። ኤችስሪኤባዮኔት የተባለው የአፍሪካ የባዮኢንፎርማቲክስ መረብ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመግቢያ ኮርሱን የሰጠው ሰውን ወደ አንድ ከተማ በመሰብሰብ አልነበረም፤ ትምህርቱ በርቀት ይተላለፍ ነበር፤ ተማሪዎች ግን በየአገራቸው ክፍል ውስጥ ረዳት አስተማሪ ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ ኮርሱም በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተሰጠ ለሦስት ወር ይዘልቅ ነበር። የሲያትሉ ሰው በ37 ይህን ደገፈ፤ በአምስት ቀን የተጨቀጨቀ ትምህርት በአምስት ቀን ይረሳል፣ በየሳምንቱ የተከፋፈለ ግን ቤት ሥራ ይሠራበታል አለ። መልስ 38 አልተቀበለውም፤ ከሥራ የሚወጣ ሰው አምስት ቀን ፈቃድ ያገኛል፣ ለወራት ቅዳሜውን የሚሰጥ ግን አይገኝም፣ በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ሁለቱም የተናገሩት ካዩት ነው። ሦስት ሰዎች ሲከራከሩበት ቆይተው አልተስማሙም።

መልስ 39 የሕፃን ልጅ እናት ናት፤ የማስተርስ ዳታ ሰብስባ ጨርሳለች፣ ውጭ የመሄድ ዕድል በፍጹም የላትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚጀምር ሥልጠና ከሆነ እንደማትመጣ ተናግራ ከሰዓት እንዲሆን ጠየቀች። እሷን የሚመስሉ ሌሎች ሦስት ሴቶች ከሥር ተስማሙ። ውጭ አገር ለሚሰጠው ኮርስ የሚወዳደረው ማን እንደሆነና ሳይወዳደር የሚቀረው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚነግረኝ የለም፤ ስለዚህም ሰዓቱን ወዲያው ቀየርን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ገላን ያለ አንድ የግል ኮሌጅ አዳራሹን በነፃ ሊሰጠን ፈቅዷል፤ ጄኔሬተር አለው፣ ነዳጁን እኛ እንችላለን። በአምስት ቀንና በየሳምንቱ መካከል የነበረውን ክርክር በግማሽ ከፍለነዋል፤ መሠረቱ ከሐምሌ መጀመሪያ አንሥቶ በየቅዳሜው ከሰዓት ይሰጣል፣ የፒሊንክ ልምምዱ ደግሞ በነሐሴ በአንድ ሳምንት ተከታታይ ቀናት ይሆናል። ሃርዲ-ዋይንበርግንና ተወራሽነትን መምህርቷ ይዘዋል፤ የቤተሰብ ጥናቱን የወላይታው ባለሙያ፣ ማጣሪያውን የላብራቶሪዋ እህት፣ የጊደሮቹን የሆለታው ሰው። ጋሼ ስለ ፈቃድና ስለ አደራ ሁለት ሰዓት ወስደዋል፤ ዳታ ሊይዝ የነበረው ወጣትም እንደሚመዘገብ በ42 ጽፏል።

በመልስ 43 ላፕቶፕ የሌለው ሰው ምን ያድርግ ተብሎ ተጠይቋል። ሁለት ለአንድ ይቀመጣል ብለናል፤ ትርፍ ማሽን ያለው ሰው ቢያውሰን ደግሞ ይሻላል። እስካሁን ያላገኘነው የሊኑክስን ትዕዛዝ መስመር ከዜሮ የሚያስተምር ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቂሊንጦና ገላን መካከል መምጣት የሚችል ካለ በውስጥ መልእክት ይጻፍልኝ፤ የታክሲውን እንሸፍናለን።